ከግብ ጠባቂነት ወደ ቅርጫት ሥር፦ የሀኪም ኦላጁዎን የስፖርት ሕይወት

በቅርጫት ኳስ ሴንተር የሚባለው ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ ረጅሙ ሰው ሲሆን፣ ሥራውም ቅርጫቱ አጠገብ ቦታ ይዞ ኳስ መቀበል፣ ከቅርብ ርቀት ነጥብ ማስቆጠርና በመከላከል ጊዜ ወደ ቅርጫቱ ዘልቆ የሚገባን ተጋጣሚ መግታት ነው። ኤንቢኤ በሚባለው የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ይህን ቦታ በአመዛኙ ይዘውት የኖሩት ቁመታቸውንና ክብደታቸውን ዋነኛ መሣሪያ ያደረጉ ግዙፋን ናቸው። በሌጎስ ተወልዶ በሂውስተን የገነነው ሀኪም ኦላጁዎን ከእነዚህ የሚለየው በእግሮቹ ነው። በሊጉ መዝገብ ቁመቱ 213 ሴንቲ ሜትር ተብሎ የሰፈረው ይህ ሰው፣ ከእርሱ እጅግ በሚያጥሩ ተጫዋቾች ፍጥነትና ሚዛን ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይህን ቅልጥፍና ያመጣው ደግሞ ከእግር ኳስ ግብ አፍና ከእጅ ኳስ ሜዳ ስለነበረ፣ ዘግይቶ መጀመር ጉድለት ነው ብለው ለሚያምኑ አሠልጣኞች ሕይወቱ ራሱን የቻለ ሙግት ሆኖ ቆይቷል።

ሀኪም የተወለደው እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1963 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ወላጆቹ በሌጎስ ሲሚንቶ ይነግዱ የነበሩ የዮሩባ ሙስሊሞች ናቸው። በልጅነቱና በጉርምስናው የሚጫወተው እግር ኳስና እጅ ኳስ ነበር፤ በእግር ኳስ በረኛ ሆኖ ይሰለፍ ነበር። የቅርጫት ኳስን የሞከረው በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ፣ ሙስሊም ቲቸርስ ኮሌጅ በተባለው ትምህርት ቤት ሲማር ነው። አሜሪካውያን እኩዮቹ በዚያ ዕድሜ በትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ዓመታት ያስቆጠሩ ከመሆናቸው አንጻር ሲታይ ይህ በጣም የዘገየ ጅምር ነው። ይሁን እንጂ በረኛ የሆነ ልጅ ኳሱ ከመቺው እግር ሳይለቅ በፊት የትከሻና የወገብን አዝማሚያ አይቶ አቅጣጫን መገመት፣ እግሩን ሳያቆላልፍ ወደ ጎን በአጫጭር እርምጃ መንሸራተትና ሳይቸኩል በትክክለኛዋ ቅጽበት መዝለል ይለምዳል፤ የእጅ ኳስ ተጫዋችም ቢሆን ኳስ ይዞ ከሦስት እርምጃ በላይ መሄድ ስለማይፈቀድለት፣ በተወሰነች እርምጃ ውስጥ ተከላካይን አታልሎ ማለፍን ይማራል። ሁለቱም ልማዶች ኋላ በኤንቢኤ ሜዳ ያለ ለውጥ ማለት ይቻላል አገልግለውታል።

በ1980 ወደ ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ አሠልጣኙ ጋይ ሉዊስ የተቀበለው ገና ያልተገራ፣ ቀጭንና ቶሎ የሚደክም ወጣት ነበር፤ የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር የሚጠይቀው ፈቃድ ባለመሟላቱም የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጫወት በልምምድ ብቻ አሳለፈው። እድገቱን ያፋጠነው ግን ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ የነበረ አንድ ሰው ነው። በሂውስተን ከተማ ፎንዴ በተባለው የሕዝብ የስፖርት ማዕከል፣ በበጋ ወራት ፕሮፌሽናሎችና ተማሪዎች ተደባልቀው የሚጫወቱበት ልማድ ነበር፤ እዚያ ከሀኪም ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፋው ሞሰስ ማሎን ሲሆን፣ እርሱም በወቅቱ የሂውስተን ሮኬትስ ሴንተርና የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ ሰው ነበር። ዳኛ በሌለበት በዚያ ሜዳ ማሎን ያለርኅራኄ ይጋፋው ስለነበር፣ ወጣቱ በጉልበት የሚበልጠውን ሰው በጉልበት መመለስ እንደማያዋጣ፣ ቀድሞ ቦታ መያዝና ቀድሞ መዞር እንደሚበጅ በአካሉ ተምሮ ወጣ። ለአንድ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ይኖር ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

የሂውስተን ዩኒቨርሲቲ የዚያን ዘመን ቡድን ፋይ ስላማ ጃማ የሚል ቅጽል ተሰጥቶት ነበር፤ ይህም ስም የአሜሪካ ተማሪዎችን ማኅበራት የግሪክ ስም እያስመሰለ፣ ተጫዋቾቹ ዘለው ኳሱን በኃይል ወደ ቅርጫቱ የሚከትቱበትን ደንክ የተባለ አጣጣል ለማወደስ የወጣ ነው። ከሀኪም ጋር ክላይድ ድሬክስለር የተሰለፈበት ይህ ቡድን በ1982ም በ1983ም፣ ድሬክስለር ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ከሄደ በኋላ ደግሞ በ1984 እስከ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ቢደርስም ዋንጫውን አንድም ጊዜ አላነሳም። በ1983 የፍጻሜ ጨዋታ በሰሜን ካሮላይና ስቴት 54 ለ 52 የተሸነፈው፣ ከሩቅ ተወርውሮ ያጠረን ኳስ የተጋጣሚው ተጫዋች ሎሬንዞ ቻርልስ ከአየር ላይ ተቀብሎ በመጨረሻዋ ሰከንድ በመክተቱ ነበር። ከተሸናፊው ወገን ቢሆንም የውድድሩ ድንቅ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ሀኪም ነው። በ1984ቱ ፍጻሜ ያሸነፈው ጆርጅታውን ሲሆን፣ የዚያ ቡድን ሴንተር ፓትሪክ ዩዊንግ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል፤ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ዕጣ በሁለቱ ምድቦች የመጨረሻ ደረጃ በያዙ ቡድኖች መካከል ሳንቲም ተወርውሮ ይወሰን ነበር። በ1984 ዕጣው ለሂውስተን ሮኬትስ ወጣና ቡድኑ ሀኪምን ቀዳሚ አድርጎ መረጠ፤ ሁለተኛው መራጭ ፖርትላንድ ሳም ቦዊን፣ ሦስተኛው ቺካጎ ማይክል ጆርዳንን ወሰዱ። ፖርትላንድ ጆርዳንን በማለፉ እስከ ዛሬ ሲወቀስ፣ ሂውስተንን በዚህ የሚወቅስ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም፤ ምርጫው ትክክል ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ሮኬትስ 224 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ራልፍ ሳምፕሰን ስለነበራቸው ጥንዱ መንትያ ማማዎች ተባሉ፤ በ1986 ገናናውን ሌከርስ በአምስት ጨዋታ አስወግደው ለፍጻሜ ቢደርሱም በቦስተን ሴልቲክስ 4 ለ 2 ተረቱ። ከዚያ በኋላ ሳምፕሰን በጉልበት ሕመም ተዳክሞ በ1987 መጨረሻ ለሌላ ቡድን ተላለፈ፤ ሀኪምም የቡድኑን ሸክም ብቻውን ተሸከመ።

የጨዋታ ስልቱን ለመረዳት አንድ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ኳስ ይዞ የቆመ ተጫዋች አንደኛው እግሩ፣ ፒቮት የሚባለው፣ መሬት ላይ እንደተተከለ መቆየት አለበት፤ ሌላኛውን እግር ግን የፈለገውን ያህል ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ሊያንቀሳቅስ፣ በተተከለው እግር ላይም ሊዞር ይችላል። የተተከለውን እግር ያለአግባብ ካንቀሳቀሰ ትራቭሊንግ የሚባል ጥፋት ይቆጠርበታል። ሀኪም በዚህ ሕግ ጠባብ ክልል ውስጥ የሠራው የማታለያ ስልት ድሪም ሼክ የሚል ስም ያገኘው ድሪም ከሚለው የራሱ ቅጽል ነው። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ኳሱን ከተቀበለ በኋላ አንዱን ትከሻውን ወደ ሜዳው መሐል በፍጥነት ይነቀንቃል፤ ተከላካዩ ክብደቱን ወደዚያ ሲያዘነብል ሀኪም በተተከለው እግሩ ላይ ተሽከርክሮ በመጨረሻው መስመር በኩል ይዞራል። ተከላካዩ ነቅቶ ቢመለስ እንኳ ሀኪም ኳሱን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ሊወረውር ያለ ይመስላል፤ ያ ሰው ለመከላከል ሲዘል የሀኪም እግሮች ግን ከመሬት አልለቀቁም፤ ነጻውን እግር በዘለለው ሰው ክንድ ሥር አሻግሮ ኳሱን በእርጋታ ያስገባል። ተከላካዩ ካልዘለለም ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ከላዩ ይወረውርበታል። ስልቱን ለመከላከል አስቸጋሪ ያደረገው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ እርምጃ ማታለያም እውነተኛ ሙከራም ሊሆን ስለሚችል፣ የተከላካዩ መልስ ራሱ ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል። ሀኪም ራሱ ስልቱ ከእግር ኳስ የመጣ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል።

በመከላከሉም ቢሆን ያው በረኛ ነበር። በመጋቢት 1990፣ በአንድ ጨዋታ በአራት የተለያዩ መለኪያዎች ሁለት አኃዝ ማስመዝገብ ቻለ። ይህ ኳድሩፕል ደብል ይባላል፤ በሊጉ ታሪክ በይፋ የተመዘገበው ለአራት ሰዎች ብቻ ሲሆን፣ ሀኪም ሚልዋኪ ላይ ያስመዘገበው 18 ነጥብ፣ 16 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰን ኳስ መያዝ)፣ 10 አሲስት (ለጎል የሚሆን ኳስ ማቀበል) እና 11 ብሎክ (የተወረወረን ኳስ በአየር ላይ ማጨናገፍ) ነበር። በዚያው ወር መጀመሪያ ከጎልደን ስቴት ጋር በተደረገ ጨዋታም ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል ተብሎ ተነግሮ ነበር፤ ሊጉ ግን ቪዲዮውን መርምሮ ከአሲስቶቹ አንዷን ስለሰረዘበት ስኬቱ ከመዝገብ ወጣ። ሰርዞ ብዙ ሳይቆይ ሁለተኛውን መቀበል ግድ ሆነበት።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ቡድኑን አላዳኑትም። ሮኬትስ ከ1988 እስከ 1991 በየዓመቱ ከጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ተሰናበቱ፤ በ1992 ጭራሽ ለጥሎ ማለፉ አልበቁም። በሀኪምና በክለቡ አስተዳደር መካከል አለመግባባት ተፈጥሮ ወደ ሌላ ቡድን ለመዛወር እስከ መጠየቅ ተደርሶ ነበር። በዚሁ ጊዜ አካባቢ ሃይማኖቱን በጥልቀት ማጥናት ጀመረ፤ እስከ 1991 አኪም ተብሎ ይጻፍ የነበረውን ስሙንም ወደ ትክክለኛ አጻጻፉ መለሰው። በጨዋታ ላይ ቶሎ ይቆጣና ይጣላ የነበረው ሰው እየሰከነ መምጣቱን በርካታ የዘመኑ ታዛቢዎች ከዚህ ለውጥ ጋር ያያይዙታል። ይሁንና የሜዳው ለውጥ መንፈሳዊ ብቻ አልነበረም፤ በየካቲት 1992 ሩዲ ቶምጃኖቪች አሠልጣኝ ሲሆን የጨዋታው አወቃቀርም ተቀይሯል። አዲሱ አሠልጣኝ ሀኪምን በቅርጫቱ አጠገብ አስቀምጦ፣ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ከሩቅ መወርወር የሚችሉ ሰዎችን በዙሪያው ዘረጋ። ተጋጣሚ ሀኪምን በአንድ ሰው ቢይዘው ድሪም ሼክ ይጠብቀዋል፤ በሁለት ሰው ቢከበው ደግሞ ሀኪም ኳሱን ለተተወው ወርዋሪ ያቀብላል። ዛሬ በሊጉ የተለመደው ሜዳን የማስፋት አጨዋወት ከዚህ አሰላለፍ ብዙ ተበድሯል ማለት ይቻላል።

ውጤቱም በ1994 መጣ። በዚያ የውድድር ዘመን ሀኪም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ ሦስቱንም ሽልማቶች በአንድ ዓመት የጠቀለለ ሌላ ሰው በሊጉ ታሪክ የለም። በፍጻሜው የገጠመው ኒውዮርክ ኒክስን ሲሆን፣ የኒክስ ሴንተር በ1984 የተማሪዎቹን ዋንጫ የነጠቀው ፓትሪክ ዩዊንግ ነበር። ኒክስ 3 ለ 2 እየመሩ በተደረገው ስድስተኛ ጨዋታ፣ ሮኬትስ 86 ለ 84 በሚመሩበት የመጨረሻ ቅጽበት፣ የኒክሱ ጆን ስታርክስ ዋንጫውን ሊያስገኝ የሚችል ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ ወረወረ። ሀኪም ዩዊንግን ትቶ፣ ሴንተሮች በማይደፍሩት ርቀት ወደ ሦስት ነጥቡ መስመር ወጥቶ፣ ኳሱ ከወርዋሪው እጅ እንደለቀቀ በጣቶቹ ጫፍ ነካው፤ ኳሱም ከቅርጫቱ ሳይደርስ ቀረ። ግቡን ለቅቆ መቺው ድረስ የወጣ በረኛ ካልሆነ በስተቀር ይህን የሚመስል ነገር ማግኘት ያዳግታል። ሰባተኛውን ጨዋታ ሮኬትስ 90 ለ 84 አሸንፈው የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሱ።

የ1995ቱ ዋንጫ ግን ከዚህም ይበልጥ አስደናቂ ነው። ሮኬትስ በመደበኛው ውድድር 47 ጨዋታ ብቻ አሸንፈው በምድባቸው ስድስተኛ ሆነው ነበር ወደ ጥሎ ማለፉ የገቡት፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ደረጃ ተነሥቶ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን እስካሁን የለም። በውድድሩ አጋማሽ ከፖርትላንድ የመጣው የጥንቱ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ክላይድ ድሬክስለር ከጎኑ ተሰልፏል። ዩታን ካስወገዱ በኋላ በፊኒክስ 3 ለ 1 ሲመሩ ቆይተው ሦስት ጨዋታ በተከታታይ በማሸነፍ ተረፉ፤ ቀጥሎ የጠበቃቸው ሳን አንቶንዮ ነበር። የሳን አንቶንዮው ዴቪድ ሮቢንሰን የዚያን ዓመት ምርጥ ተጫዋችነት ዋንጫ ከሁለተኛው ጨዋታ በፊት በደጋፊው ፊት ተቀበለ፤ በዚያ ምሽት ሀኪም 41 ነጥብ አስቆጠረበት። ሮቢንሰን ፈጣን፣ ረጅምና በመከላከል የተመሰገነ ሰው ነው፤ ሀኪም ግን በዚያ ጨዋታ ሲያታልለው ሮቢንሰን ወደ አየር ከዘለለ በኋላ ወደ መሬት እስኪመለስ ኳሱ ቅርጫት ውስጥ የገባችበት ትዕይንት እስከ ዛሬ ለአሠልጣኞች ማስተማሪያ ሆኖ ይታያል። በስድስቱ ጨዋታዎች በአማካይ ከ35 ነጥብ በላይ አስቆጥሮ ቡድኑን ለፍጻሜ አበቃ። በፍጻሜው ከእርሱ ዘጠኝ ዓመት የሚያንሰው ሻኪል ኦኒል የነበረበት ኦርላንዶ 4 ለ 0 ተሸነፈ።

እነዚህን ሁለት ዋንጫዎች የሚያንኳስሱ ሰዎች ማይክል ጆርዳን በጥቅምት 1993 ጡረታ መውጣቱን ያስታውሳሉ። መከራከሪያው ለመጀመሪያው ዋንጫ መጠነኛ ክብደት ቢኖረውም ለሁለተኛው ግን አይሆንም፤ ጆርዳን በመጋቢት 1995 ተመልሶ የቺካጎ ቡድኑ በኦርላንዶ ተሸንፎ ሲወጣ፣ ሮኬትስ ያንኑ ኦርላንዶ አንድም ጨዋታ ሳይሰጡ አሸንፈውታል። ቺካጎ ሦስት ዋንጫ በተከታታይ ባነሳባቸው ከ1990 እስከ 1993 ባሉት ሦስት የውድድር ዘመናትም፣ ሁለቱ ቡድኖች በመደበኛው ውድድር ካደረጓቸው ስድስት ጨዋታዎች አምስቱን ያሸነፈው ሂውስተን ነው። ጆርዳን ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ሀኪምን የሚያቆም ሴንተር ቺካጎ እንዳልነበረው ግን ግልጽ ነው።

ሀኪም የረመዳን ጾምን በውድድር መካከልም ይጾም ነበር። አብዛኛው የሊጉ ጨዋታ በምሽት ስለሚካሄድ በክረምት ወራት ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ትንሽ ቀምሶ መግባት ይቻል ነበር፤ በቀን በሚደረጉት ግን ሳይበላና ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ይጫወታል። በ1995 ረመዳን የዋለው በየካቲት ሲሆን የዚያ ወር የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠውም እርሱ ነው። በ1993 የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ በኋላ በ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ ለአሜሪካ ተሰልፎ የወርቅ ሜዳሊያ ወስዷል፤ በወጣትነቱ ለናይጄሪያ ቡድን ተጫውቶ ስለነበር ለዚህ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ልዩ ፈቃድ አስፈልጎት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ዕድሜና ጉዳት ያሸነፉባቸው ናቸው። በ2001 ወደ ቶሮንቶ ራፕተርስ ተዛውሮ አንድ ዓመት ከተጫወተ በኋላ በጀርባ ሕመም ምክንያት በ2002 መጫወት አቆመ፤ ሮኬትስም 34 ቁጥር ማልያውን ለሌላ እንዳይሰጥ አድርገው ሰቀሉት። በ18 የውድድር ዘመናት 26,946 ነጥብና 13,748 ሪባውንድ አስመዝግቧል። የብሎኮቹ ብዛት 3,830 ሲሆን ይህ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው፤ የሚቀጥለውም አፍሪካዊ ነው፣ 3,289 ብሎክ ያለው ኮንጎአዊው ዲኬምቤ ሙቶምቦ። እርግጥ ሊጉ ብሎክ መቁጠር የጀመረው በ1973 በመሆኑ እነ ቢል ራስልና ዊልት ቻምበርሌይን በዚህ ዝርዝር የሉም። ከዚህ ይልቅ ሰውየውን በትክክል የሚገልጸው ሌላ ቁጥር ነው፦ ከተጋጣሚ እጅ ኳስ መንጠቅ ስቲል ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜም የአጫጭር ተጫዋቾች ሥራ ነው፤ ሀኪም 2,162 ስቲል ያለው ሲሆን ከ2,000 በላይ ብሎክና ከ2,000 በላይ ስቲል ያስመዘገበ ሌላ ተጫዋች የለም። በ2008 ወደ ቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ሲገባ አብረውት ከገቡት መካከል ፓትሪክ ዩዊንግና የ1994ቱ የኒክስ አሠልጣኝ ፓት ራይሊ ይገኙበታል።

ከጡረታ በኋላ የተሰማራው በሂውስተን የመሬትና የሕንፃ ንግድ ሲሆን፣ ወለድ በእስልምና የተከለከለ በመሆኑ ንብረት የሚገዛው ከባንክ ሳይበደር በጥሬ ገንዘብ ነው። የቤት ገበያ በብድር ሲሰክርና ሲወድቅ ይህ አሠራር እንዳልጎዳው መገመት አያዳግትም። በመሐል ከተማ የሚገኝ በ1920ዎቹ የተሠራ የቀድሞ ባንክ ሕንፃም በእርሱ ገንዘብ ተገዝቶ መስጊድና የእስልምና ማዕከል ሆኗል። ጊዜውን በቴክሳስና ትምህርቱን ለመከታተል በሄደባት በዮርዳኖስ መካከል እየከፈለ የኖረ ሲሆን፣ በበጋ ወራት ግን ኮቢ ብራያንት፣ ድዋይት ሃዋርድና ሌብሮን ጄምስን የመሳሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾች የእግር ሥራውን ሊማሩ ወደ እርሱ ይመጡ ነበር። ሌብሮን በ2011 ከእርሱ ዘንድ ተምሮ ሄዶ በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ዋንጫውን አንስቷል፤ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት ባይቻልም፣ ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ መጫወቱ መጨመሩ በሜዳ የታየ ነው።

በካሜሩን ያዉንዴ የተወለደው ጆኤል ኤምቢድ የቅርጫት ኳስ የጀመረው እንደ ሀኪም በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ፣ ከሌላ ስፖርት መጥቶ ነው። ገና ጀማሪ ሳለ አሠልጣኙ የሀኪም ጨዋታዎች ያሉበትን ቅጂ ሰጥቶት እያንዳንዱን እርምጃ ደጋግሞ እያየ ይለማመድ እንደነበር ተናግሯል። በ2023 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሲመረጥ፣ ከሀኪም ቀጥሎ ይህን ሽልማት ያገኘ በአፍሪካ ተወልዶ ያደገ ሁለተኛው ሰው ሆነ።